ማን ነው የሚጠብቀው? ስለ ቀስት፣ ስለ ካሜራና ስለ ጣና መረብ

(ባሕር ዳር ላይ ለዓሣ አስጋሪዎች፣ ለተማሪዎችና ለሐይቁ ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ጥቂት ቦታ አሳጥሬዋለሁ፤ አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ በዚህ ሰዓት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ቀስት አደንና ስለ ዘመናዊ መሣሪያ ነው። ጣና ዳር ቁጭ ብለን ስለ አሜሪካ ቀስተኞች ምን አገባን የሚል ሰው ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ነገሩን መከታተል የጀመርኩት እነሱ ጫካ ውስጥ የሚከራከሩበት ጉዳይና እኛ በየክረምቱ ጉማራና ርብ ወንዞች አፍ ላይ የምናየው ጉዳይ አንድ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ሰው በመሣሪያ እየበረታ ሲሄድ ለእንስሳው ምን ይቀርለታል? ጉዳዩ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ቀስቱን ላስረዳ።

የድሮው ቀስት እንጨትና ገመድ ነው። ገመዱን በሳብከው ቁጥር ይከብዳል፤ ጥግ ድረስ ስትወጥረው ሸክሙ በሙሉ ጣትህና ትከሻህ ላይ ነው። ስለዚህ አትቆይም። አነጣጥረህ ቶሎ ትለቃለህ፣ አለዚያ እጅህ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ቀስት ጎበዝ የሚባለው ሰው እንኳ እንስሳው 20 ሜትር አካባቢ እስኪደርስ ድረስ መጠበቅ አለበት። በዚያ ርቀት አንተ ብቻ አይደለህም የምታየው። አጋዘኑም ያይሃል፣ ነፋሱ ከዞረ ያሸትሃል፣ ደረቅ ቅጠል ከረገጥክ ይሰማሃል። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሆሊስ ዊልበር አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው ለአዲስ ዓይነት ቀስት የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጠው። በቀስቱ ሁለት ጫፎች ላይ መዘውር ገጠመ። ኮምፓውንድ ቀስት የሚሉት ይህን ነው። ሥራው ቀላል ነው፦ ገመዱን ስትስብ መጀመሪያ ይከብድሃል፣ ጥጉ ላይ ስትደርስ ግን መዘውሩ ይዞርና ሸክሙን ይቀንስልሃል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ 80 በመቶውን ይቀንሳሉ። ማለትም 30 ኪሎ የሚከብድ ቀስት ወጥረህ ስትይዘው እጅህ ላይ የሚሰማህ 6 ኪሎ ብቻ ነው። 6 ኪሎ ይዞ ረጋ ብሎ ማነጣጠር ማንም ይችላል። ፍላጻውም በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይበራል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አልቆመም። በሌዘር ርቀት የሚለካ መሣሪያ መጣ። ቀጥሎ ርቀቱን ራሱ ለክቶ ማነጣጠሪያ ነጥቡን በብርሃን የሚያሳይ፣ ቀስቱ ላይ የሚገጠም ኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ መጣ። እንደ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ተደግፎ፣ በቃታና በመነጽር የሚተኮሰው ክሮስቦው በብዙ ግዛቶች ተፈቀደ። ዛፍ ላይ ታስሮ እንስሳው ሲያልፍ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ መጣ፤ አሁን ሲም ካርድ ገብቶለት ፎቶውን በዚያው ደቂቃ ስልክህ ላይ ይልክልሃል። ድሮንና ሙቀት የሚያይ ካሜራም አለ።

እዚህ ላይ ነው ጠቡ የተነሳው። ጠበኞቹ ደግሞ አደን የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም፣ ራሳቸው አዳኞቹ ናቸው። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ ቡን ኤንድ ክሮኬት የሚባል የአዳኞች ክለብ አቋቋመ። ክለቡ እንስሳው የማምለጥ ዕድል ሳይኖረው የተገደለ ከሆነ እንደ ጀብዱ አይቆጠርም የሚል ደንብ ይዞ ቆይቷል። ቀስተኞቹም እ.ኤ.አ. በ1961 ፖፕ ኤንድ ያንግ የተባለውን የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። በቀስት የተገደሉ ትልልቅ እንስሳትን የሚመዘግበው እሱ ነው። ክለቡ በክሮስቦው የተገደለ አይመዘግብም። ሸክሙን ከ65 በመቶ በላይ የሚቀንስ ቀስት ለዓመታት አልቀበልም ሲል ቆይቶ በኋላ ምልክት እያደረገበት መመዝገብ ጀመረ። ርቀት ለክቶ የሚያነጣጥር ኤሌክትሮኒክ ነገር ቀስት ላይ ከተገጠመ ግን ለዓመታት በሩን ዘግቶ ቆይቷል።

የኛ ሰው ይህን ሲሰማ የጥጋብ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ከስሙ በታች ግን የሚበላ ነገር አለ፤ እሱን ላሳያችሁ።

አሜሪካ ውስጥ የቀስት አደን ወቅት ለብቻው ነው፣ ከጠመንጃው ወቅትም ይረዝማል። ዊስኮንሲን የምትባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ1934 ለቀስተኞች የተለየ ወቅት በመክፈት ቀዳሚ ነበረች። ይህ ረጅም ጊዜ የተሰጣቸው ለምንድን ነው? ቀስት ደካማ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ጫካ ገብቶ ጥቂት ሰው ብቻ ስለሚቀናው መንጋው አይጎዳም። አሁን ቀስቱ ሲጠነክር ያው ሰው፣ በያው ወቅት፣ ብዙ መግደል ይጀምራል። ያኔ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቱ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፦ ወይ ወቅቱን ያሳጥራል፣ ወይ የፈቃዱን ቁጥር ይቀንሳል። ሁለቱም ማለት ዛሬ ጫካ የሚገባ ሰው ነገ አይገባም ማለት ነው። አንዱ ውድ መሣሪያ ገዝቶ ዕድሉን ሲያሰፋ ሌላው ከወረፋ ይወጣል። ስለዚህ ክርክሩ ስለ አጋዘኑ ብቻ አይደለም፣ በሰውና በሰው መካከልም ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ጣና ላይ እንመለስባታለን።

አሁን እኔ የምለውን ልናገር። ብዙዎቹ ተከራካሪዎች መስመሩን በአሮጌና በአዲስ መካከል ያሰምራሉ። የድሮው ንጹሕ፣ አዲሱ ርኩስ። እኔ በዚህ አልስማማም። መጠየቅ ያለበት መሣሪያው የትኛውን ሥራ ከሰው ወሰደ የሚለው ነው። አደን ውስጥ ሦስት ሥራ አለ፦ መፈለግ፣ መጠበቅ፣ መግደል። መግደሉን የሚያሳምር መሣሪያ እንስሳውን ከሥቃይ ያድነዋል። ፍላጻ እንደ ጥይት በምት አይገድልም፤ ቆርጦ፣ አድምቶ ነው የሚገድለው። በደንብ ካልተመታ እንስሳው ቆስሎ ይሄድና ቁጥቋጦ ውስጥ በሥቃይ ይሞታል፣ ማንም አያገኘውም። ስለዚህ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርገውን መዘውር እኔ አልቃወምም። በርታ ነው የምለው።

ግን አንድ ችግር አለ። ሰው ያገኘውን ትክክለኛነት ለንጹሕ ምት አይጠቀምበትም፣ ለርቀት ያወጣዋል። በ20 ሜትር ይተኩስ የነበረው ሰው ጥሩ ቀስት ሲይዝ በ20 ሜትር ይበልጥ እርግጠኛ ሆኖ አይቀመጥም፤ በ60 ሜትር መተኮስ ይጀምራል።

ሒሳቡን እንሥራው። ገመዱ ሲለቀቅ ድምፅ አለው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ይጓዛል፣ ፍላጻው 90። አጋዘኑ 20 ሜትር ላይ ከሆነ ድምፁ ከፍላጻው በ0.16 ሰከንድ ቀድሞ ይደርሰዋል። ምንም ሊያደርግ አይችልም። 60 ሜትር ላይ ከሆነ ግን ድምፁ የሚቀድመው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። በግማሽ ሰከንድ የደነገጠ አጋዘን ሊሮጥ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል። ልቡ ላይ የታለመው ፍላጻ ጀርባው ላይ ወይም ሆዱ ላይ ያርፋል። ሌዘሩ ርቀቱን ልክ ነግሮሃል፣ እጅህ አልተንቀጠቀጠም፣ ግን አጋዘኑ የነበረበት ቦታ ላይ የለም። ይህንን የትኛውም ማነጣጠሪያ አያስተካክለውም፤ ማስተካከያው መቅረብ ብቻ ነው።

መፈለግንና መጠበቅን የሚወስደው መሣሪያ ግን የተለየ ነው። እሱ ላይ ይቅርታ የለኝም።

አሪዞና ደረቅ አገር ነው። በበጋ እንስሳው ውሃ ፍለጋ ጥቂት ኩሬዎች ላይ ይሰበሰባል፤ ሌላ የሚሄድበት የለውም። አዳኞች በየኩሬው ዙሪያ ካሜራ ማሰር ጀመሩ፣ አንድ ኩሬ ላይ ብዙ ካሜራ። ካሜራው አይደክምም፣ አይርበውም፣ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰውየው ከተማ ተኝቶ የትኛው እንስሳ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ ያውቃል። የግዛቲቱ የአደንና የዓሣ ኮሚሽን በ2021 ካሜራን ለአደን መጠቀም እንዲከለከል ወሰነ፤ ክልከላው ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዩታም ተከትላ በአደኑ ወራት ከለከለች። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ካሜራ ሰው አይገድልም፣ እንስሳም አይገድልም ያሉ ነበሩ። እውነት ነው፣ አይገድልም። የሚያደርገው እንስሳው የግድ በሚመጣበት ቦታ ላይ በሰው ፋንታ መጠበቅ ነው። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

እንስሳው የግድ የሚመጣበት ቦታ እኛም አለን። ጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ ገበያ ላይ ነጭ ዓሣ የምንላቸው ዓሣዎች አሉ። 15ቱ ዝርያዎች ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው እዚሁ ተለያይተው፣ አንዱ ዓሣ በል፣ ሌላው ነፍሳት በል፣ ሌላው ሣር በል ሆነው አደጉ። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበር። ከሌላ ቦታ የመጣ ዓሣ ገብቶበትና ከልክ በላይ ተሰግሮ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። የቀረው የኛው ነው። ወገኖቼ፣ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩ። በገዳሞቻችን እንደምንኮራ በዚህም መኩራት አለብን።

ከእነዚህ ዓሣዎች ቢያንስ 7ቱ ዝርያዎች ሐይቅ ውስጥ አይራቡም። ክረምት ሲገባ ከሰኔና ሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ድረስ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በድርማ አፍ ይሰበሰቡና ጠጠር ያለበትን፣ ንጹሕ ውሃ የሚሮጥበትን ላይኛውን ወንዝ ፍለጋ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ሌላ መንገድ የላቸውም። የወንዙ አፍ ጠባብ ነው፣ ዓሣው ብዙ ነው፣ ጊዜውም ይታወቃል። አሪዞና ካለው ኩሬ በምን ይለያል?

እዚያ ላይ መረብ ይዘረጋል። ማታ ይዘረጋል፣ ጠዋት ይነሳል። ሰውየው ቤቱ ተኝቷል፣ መረቡ ይጠብቅለታል። ከዚያም ሞኖፊላመንት የሚሉት፣ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ውሃ ውስጥ ዓሣ የማያየው የፕላስቲክ መረብ መጣ። ርካሽ ስለሆነ ሲቀደድ እዚያው ይጣላል። የተጣለውም አይበሰብስም፣ ባለቤት የሌለው ሆኖ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። ካሜራው እንኳ ባትሪው ያልቃል።

የሆነውን እናውቃለን። ሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ ጣና ላይ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 በውጭ እርዳታ በተጀመረ ፕሮጀክት ነው። የፕሮጀክቱ ዓላማ መጥፎ አልነበረም፤ ዓሣ አስጋሪው ራቅ ብሎ እንዲያሰግርና ገቢ እንዲያገኝ ነው የታሰበው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 የነበረውን ሲያነጻጽሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት የላቤዮባርበስ ዝርያዎች ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው አገኙ። በአሥር ዓመት ውስጥ። ቀረሶና አምባዛ እንዲህ አልወደቁም፤ እነሱ ለመራባት በአንድ ጠባብ በር ማለፍ የለባቸውም።

እዚህ ላይ አዲሱን ብቻ እንዳልከስ ስለ ብርብራ መናገር አለብኝ። ብርብራ የአያቶቻችን ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና ወንዝ ውስጥ ይበተናል፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ትልቁ ይለቀማል። ጣት የማታክለው ጫጩት፣ ገና የተጣለው እንቁላል፣ ነፍሳቱ ሁሉ አብሮ ያልቃል። ሞተር የለውም፣ ፕላስቲክ የለውም፣ ባህል ነው ይባላል። ግን ለዓሣው ያስቀረለት ዕድል ባዶ ነው። ስለዚህ አሮጌ ስለሆነ ብቻ የሚከበር መሣሪያ የለም።

በሌላ በኩል ደግሞ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባቶችን አስቡ። በደንገል ታንኳ ላይ ቆመው፣ በጦር፣ ጉማሬ ያድኑ ነበር። የድሮ ተጓዦች ጽፈውታል። ጉማሬው አንድ ጊዜ ከዞረ ታንኳው ይገለበጣል፣ ሰውየውም ያልቅለታል። ያ አደን ዛሬ የለም፣ እንዲመለስም አልልም። የምለው ሰውየው ራሱ እዚያ ነበር ነው። ቀርቧል፣ ጠብቋል፣ ነፍሱን አስይዟል። አሁን ግን ይሄው ማኅበረሰብ ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ከጨዋታው ውጪ እየሆነ ነው። ታንኳ ከዳርቻው ብዙ አይርቅም፣ ውሃ ይጠጣና ቶሎ ያረጃል። ሞተር ያለው ሰው ጎርጎራ ድረስ ይሄዳል፣ ወንዝ አፍ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፣ ብዙ መረብ ይዘረጋል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህችን ነው። ፍትሕ በሰውና በዓሣ መካከል ብቻ አይደለም። ባለ ታንኳውና ባለ ሞተሩ አንድ ሐይቅ ላይ ነው ያሉት፤ ዓሣው ሲያልቅ ባለ ሞተሩ ጀልባውን ሸጦ ሌላ ሥራ ይጀምራል፣ ባለ ታንኳው ምን ይሸጣል?

ከንግግሩ በፊት አንድ ዓሣ አስጋሪ አባት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እነዚያ የምትላቸው ፈረንጆች ለስም ነው የሚያድኑ፣ እኛ ለልጅ ጉሮሮ ነው፤ ምኑን ከምን ታገናኘዋለህ?» አሉኝ። አባቴ፣ ልክ ነዎት። ቀስተኛው ቢከለከል የሚያጣው መዝገብ ላይ ስሙን ነው። እርስዎ ቢከለከሉ የሚያጡት የዕለት እንጀራ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ክልከላውም ያለ ምትክ ሊመጣ አይገባም። ግን ዓሣው ቢያልቅም በዚያው ልክ ኪሳራው የእርስዎ ነው። የአሪዞና አዳኝ አጋዘኑ ቢያልቅ ሥጋ ከሱቅ ይገዛል።

ሸማቹም አለበት። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ ውስጥ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ያን ሰሞን ዓሣ ይፈልጋል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ምግብ ቤቱም ይጠይቃል። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን በሆዱ ይዞ ወደ ወንዝ የሚወጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ባሕር ዳር የምንኖር ሰዎች በነሐሴና በመስከረም ቀረሶ ወይም አምባዛ ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል? ምግብ ቤት ገብታችሁ «ዓሣው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አስተናጋጁ ካላወቀ ወጥ ቤት ገብቶ ይጠይቅ።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ወረቀቱ ሞልቷል። እኔ የምጠይቀው ግን ሐይቁን በሙሉ እንዝጋ አይደለም። ሞተሩን እንጣል አይደለም፤ ሞተር ሰውን ከማዕበል ያወጣል፣ ዓሣውንም ሳይበላሽ ገበያ ያደርሳል፣ እንደ መዘውሩ ነው። ሐይቁ መሐል ቀረሶ ይሰገር። ዓሣው የግድ የሚያልፍበት በር ላይ ግን፣ በሚያልፍባቸው ወራት፣ ሰው የሌለበት መረብ አይጠብቀው። ብርብራም እዚያ አይበተን። ሞኖፊላመንት ደግሞ በየትኛውም ወር፣ በየትኛውም ቦታ አይግባ። ይህን የሚቆጣጠረው ከከተማ የሚመጣ መኪና አይሆንም፤ ክረምት ላይ ፎገራ ጭቃ ነው፣ መኪናው አይደርስም። የሚችሉት ወንዙ ዳር የሚኖሩት ናቸው፤ ለዚያም ሥራ ሊከፈላቸው ይገባል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ታንኳ ያላቸው ሰዎች ይታሰቡ፣ ምክንያቱም በእነዚያ ወራት ወደ መሐል ሐይቅ ሄደው የሚያሰግሩበት አቅም የላቸውም።

የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት ተወካዮች እዚህ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ቁረጡና የጉማራንና የርብን አፍ አብረን ሄደን እናስምር፤ መረብ ከየት እስከ የት እንደማይዘረጋ እዚያው ቆመን እንስማማ። ከወጣቶቹ የሚመጣ ካለ አሁን ስሙን ይስጠኝ። ጥያቄ ያላችሁ ደግሞ ቀጥሉ፣ አባቴ እርስዎ ይጀምሩ።